የሕመምተኛ ኤሌክትሪክ አልጋ ሪሞት ሲበላሽ ቤት ውስጥ እንዴት ይቀየራል?

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ እናቴን ማስታመም ከጀመርን ሁለት ዓመት አልፎናል። ስትሮኩ ግራ ጎኗን ወስዶታል፤ ቀኝ አውራ ጣቷ ግን ደህና ነው፤ አልጋውን የምታዘው በሱ ነው። ሌሊት ማንንም ሳትቀሰቅስ ጀርባዋን ቀና ታደርጋለች፣ ውኃዋን ትጎነጫለች፣ መልሳ ዝቅ ትላለች። ባለፈው ክረምት ሪሞቱ ጸጥ ሲል የቀረባት ይኸው ነው። ሌሊቱን ሙሉ "ልጄ፣ እስቲ ቀና አድርጊኝ" ማለት ግድ ሆነባት፤ እሷ ደግሞ ሰው ማስቸገር አትወድም።

ሪሞቱን እስክንቀይር ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ሥራው ራሱ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ሦስቱን ሳምንት የበላው መጀመሪያ የተሳሳተ ሪሞት መግዛታችን ነው። ሌላ አስታማሚ ያን ያህል እንዳይንከራተት የተማርኩትን ሁሉ እዚህ አስቀምጣለሁ። ሪሞት የምለው በገመድ ከአልጋው ጋር የተያያዘውን፣ በተኖች ያሉበትን የእጅ መቆጣጠሪያ ነው።

ከአልጋው በፊት ሰውየው

አልጋው እምቢ ሲል ሁላችንም ቶሎ ብለን ወደ አልጋው ሥር እንጎነበሳለን። ቀድሞ መታየት ያለበት ግን ሕመምተኛው በምን አኳኋን ላይ እንደቀረ ነው። በቱቦ የሚመገብ ሰው አልጋው እንደተዘረጋ ከቀረበት ምግቡ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ምግቡን አቁሙና ከወገቡ በላይ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና እንዲል በጠንካራ ትራስና በተጠቀለለ ብርድ ልብስ ከጀርባው ደግፉት፤ ምግቡ የሚቀጥለው ከዚያ በኋላ ነው። በተቃራኒው ቁጭ እንዳለ ከቀረ ደግሞ ክብደቱ ሁሉ መቀመጫውና የጅራት አጥንቱ ላይ ያርፋል፣ ቁስል የሚጀምረውም እዚያ ነው። አልጋው ሠራም አልሠራም በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጡ አይቋረጥ።

ከአሜሪካ የሚመጡ ብዙ የቤት አልጋዎች በእጅ የሚዞር እጀታ አብሯቸው ይመጣል፤ እግርጌ በኩል ባለው ቀዳዳ ገብቶ ይዞራል። ብዙ ቤት ይህ እጀታ ከመጣበት ካርቶን ጋር ቁም ሳጥን ላይ ተረስቶ ይኖራል። ዛሬውኑ ፈልጉት። አንዳንድ አልጋ መብራት ሲጠፋ ዝቅ ለማድረግ ባለ 9 ቮልት ባትሪ የሚገባበት ቦታም አለው፤ ነገር ግን ባትሪው የሚታዘዘው በዚያው ሪሞት ስለሆነ የሞተው ሪሞቱ ከሆነ አያድንም።

አልጋው ማንም ሳይነካው በራሱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ምርመራ የሚባል ነገር የለም። ስፒናውን ወዲያውኑ ከግድግዳው ንቀሉ። ውስጡ በተጣበቀ በተን ወይም እርጥበት ገብቶበት በተነካካ ሽቦ የሚመጣ ችግር ነው፤ ሪሞቱ እስኪቀየር ድረስ አልጋው ላይ ኃይል አይለቀቅ።

ስትነቅሉ ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ። እኛ ቤት የአልጋው ስፒና፣ የአየር ፍራሹ ፓምፕና የኦክስጅን ማሽኑ አንድ ዲቫይደር ላይ ነበሩ። ታናሽ ወንድሜ ተቻኩሎ ዲቫይደሩን ሲነቅለው ሁሉም አብረው ጠፉ፤ እናቴ አፍንጫዋ ላይ ያለው ቱቦ አየር ማቆሙን የነገረችን በእጇ ምልክት ነው። የአልጋውን ስፒና ብቻ ለይታችሁ ንቀሉ፤ ኦክስጅኑንም ለብቻው የግድግዳ ሶኬት ስጡት። ኦክስጅን ባለበት ክፍል የቡና ከሰልም ዕጣንም አይግባ። ይህን ለመጡ ጠያቂዎች መናገር ይከብዳል፤ እኛ ግን ቡናውን ሳሎን እናፈላለን።

የሞተው በእርግጥ ሪሞቱ ነው?

አሠራሩ በአብዛኞቹ አልጋዎች አንድ ዓይነት ነው። ከግድግዳው የሚመጣው ኃይል አልጋው ሥር ወዳለው ዋና ሳጥን ይገባል፤ ሳጥኑ ወደ 24 ቮልት ገደማ ዝቅ ያደርገውና ለሞተሮቹ ያከፋፍላል። የሪሞቱ ሥራ የትኛው ሞተር ወደየት ይሂድ የሚለውን ትእዛዝ ማስተላለፍ ብቻ ነው። ስለዚህ "አልጋው አልሠራ አለ" ሲባል ጥፋተኛው ሪሞቱ፣ ገመዱ፣ ሳጥኑ፣ ሞተሩ ወይም ሶኬቱ ሊሆን ይችላል። ሪሞት ገዝቶ ሳጥኑ ተቃጥሎ ማግኘት ያስለቅሳል።

ከቀላሉ ጀምሩ። የስልክ ቻርጀር እዚያው ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ኃይል መኖሩን አረጋግጡ። አልጋው ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ በመሃል ያለውን፣ 220 ቮልቱን ወደ 120 የሚያወርደውን ትራንስፎርመር እዩት፤ መብራቱ በርቷል? ፊውዙ ደህና ነው?

ቀጥሎ መቆለፊያውን። ብዙ ሪሞት ላይ፣ አንዳንዴም እግርጌ በኩል በሚንጠለጠል ሌላ ሰሌዳ ላይ፣ ሕመምተኛው ወይም ልጅ እንዳይነካካው በተኖቹን የሚቆልፍ ነገር አለ፤ በትንሽ ቁልፍ ይዞራል ወይም በማግኔት ይነካል። እታች ፎቅ ያሉ እትዬ ሁለት ቀን ሙሉ ተበላሸ ሲሉ የነበረው አልጋ ተቆልፎ ነው የተገኘው፤ የልጅ ልጃቸው ሲጫወት ዞሮበታል።

ሞተሩም ይደክማል። ብዙዎቹ ላይ "2 ደቂቃ ሥራ፣ 18 ደቂቃ ዕረፍት" የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ተለጥፏል። አልጋ ሲነጠፍ፣ ሲታጠብ፣ ሲገላበጥ ተደጋግሞ ከተነሣ ከወረደ ሞቆ ራሱን ያቆማል። ግማሽ ሰዓት ተዉትና እንደገና ሞክሩት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ገመዱ ላይ ጊዜ ስጡ፤ አብዛኛው ጉዳት ያለው እዚያ ነው። ገመዱ ከሪሞቱ አንገት የሚወጣበትን ቦታ በአንድ እጅ ይዛችሁ በቀስታ ግራ ቀኝ እያጠፋችሁ በሌላው እጅ በተን ተጫኑ። አንዴ ሠርቶ አንዴ ከጠፋ ውስጡ ያለው ሽቦ ተበጥሷል ማለት ነው። ከዚያ ገመዱን በጣቶቻችሁ መሃል እያሳለፋችሁ እስከ ሳጥኑ ድረስ ዳስሱት። የእኛው ከሪሞቱ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ጠፍጣፋ ሆኖ አገኘሁት፦ የጎን መከላከያውን ብረት ባወረድን ቁጥር ብረቱና አልጋው መሃል ሲነከስ ኖሯል። ላስቲኩ ጥርስ ያረፈበት ይመስል ተሰነጣጥቋል፤ በስንጥቁ ውስጥ የሚታየው መዳብ ደግሞ አረንጓዴ ሆኗል። ሻይ ሲፈስ፣ ሲጸዳ፣ እንደገና ሲፈስ ሁለት ዓመት የሰበሰበው ነው።

አንዱ ክፍል ብቻ ካልሠራ፣ ለምሳሌ እግሩ ይነሣል ጀርባው ግን እምቢ ካለ፣ ሪሞቱን ከሞተሩ የሚለይ ፈተና አለ። ስፒናውን ከግድግዳ ነቅላችሁ፣ ሳጥኑ ላይ የጀርባውንና የእግሩን ሞተር ገመዶች ቦታ አቀያይሩ። (ሁለቱም መሰኪያ አንድ ዓይነት ሲሆን ብቻ ነው፤ ካልሆነ አታስገድዱ።) አልጋው ባዶ ይሁን። ኃይሉን መልሱና የእግሩን በተን ተጫኑ። ጀርባው ከተነሣ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ የጠፋው የጀርባው በተን ወይም እሱን የሚያስተናግደው የሳጥኑ ክፍል ነው። ጀርባው ካልተነሣ ግን ችግሩ ሞተሩ ጋ ነው፣ ሪሞት መግዛት ዋጋ የለውም። ሲያበቃ ገመዶቹን ወደየቦታቸው መልሱ።

ሳጥኑ የተቃጠለ ሽታ ካለው ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። የአሜሪካ አልጋ ያለ ትራንስፎርመር በቀጥታ ከተሰካ የሚቃጠለው ሳጥኑ እንጂ ሪሞቱ አይደለም።

መሰኪያው ገባ ማለት ሪሞቱ ሆነ ማለት አይደለም

ከጽሑፉ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምታስቀሩ ከሆነ ይህን አስቀሩ። የሪሞት ገመዶች ጫፍ ብዙውን ጊዜ ክብ፣ በውስጡ 7፣ 8 ወይም 13 ፒን (ቀጭን የብረት ጥርስ) ያለበት ነው፤ የኔትወርክ ገመድ የሚመስልም አለ። ሁለት የተለያዩ ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት ክብ ባለ 8 ፒን መሰኪያ ይጠቀሙና የፒኖቹን ሥራ ግን የየራሳቸው ያደርጉታል። በአንደኛው "ጀርባ ወደ ላይ" የሆነው ፒን በሌላኛው "እግር ወደ ታች" ሊሆን ይችላል፤ ኃይል የሚያልፍበትም ሊሆን ይችላል። ያኔ ሳጥኑም አብሮ ሊሄድ ነው።

እኔ አሮጌውን ቤት ትቼ በስልክ ፎቶ ብቻ ነበር የሄድኩት። ባለ ሱቁ አንድ አውጥቶ፣ "እህቴ፣ ይኼ ለሁሉም አልጋ ይሆናል፣ ሰክተሽ እዪው" አለኝ። ቤት ስመጣ እውነትም ገባ። የጀርባውን በተን ስጫን እግሩ ተነሣ፤ ሌላው በተን ምንም አላለም። ደግነቱ እናቴ ወንበር ላይ ነበረች፣ እኔም ወዲያው ነቀልኩት። ልመልስለት ብሄድ "ተሰክቷል" ብሎ አልቀበልም አለ።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት አራት ፎቶ አንሡ፣ ጽሑፉ በደንብ እንዲነበብ በቀን ብርሃን፦ የሪሞቱ ጀርባ ላይ ያለውን ምልክት፤ የመሰኪያውን ፊት ከነፒኖቹና ከነጎድጓዳው፤ የዋናውን ሳጥን ምልክት፤ የአልጋውን ብረት ላይ የተለጠፈውን ከነመለያ ቁጥሩ። ጽሑፉ ከደበዘዘ የስልክ መብራት በጎን አብሩበት፣ ወጥቶ ይታያል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አለ። የአልጋው ስምና የሞተሩ ሥርዓት ስም ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። የአልጋ ፋብሪካው ብረቱን ይሠራል፤ ሞተሩን፣ ሳጥኑንና ሪሞቱን ግን እንደ ዴንማርኩ ሊናክ፣ እንደ ጀርመኑ ዴወርት ኦኪን ወይም እንደ ታይዋኑ ቲሞሽን ካሉት ይገዛል። የምትፈልጉት ሪሞቱ ጀርባ ላይ ያለውን ቁጥር ነው። ቁጥሩ እስከ መጨረሻው ፊደል ድረስ ይመሳሰል፤ መጨረሻው ላይ ያለች አንዲት ፊደል የገመዱን ርዝመት ወይም የፒኑን ዓይነት ልትለይ ትችላለች። በተን ስለበዛ አልጋው አዲስ ነገር አይሠራም፤ ሁለት ሞተር ላለው አልጋ ባለ አራት በተን ነው የሚበቃው።

ፍለጋው

መሃል ከተማ ላለን ሰዎች መነሻው ተክለ ሃይማኖትና ጥቁር አንበሳ አካባቢ ያሉት የሕክምና ዕቃ ሱቆች ናቸው። አሮጌውን ሪሞት ከነገመዱ ነቅላችሁ በፌስታል ያዙ፤ በፎቶ አትሂዱ። ከመክፈላችሁ በፊት "ካልሠራ ይመለሳል" የሚለውን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፤ በቃል የተባለ ነገር በማግስቱ ይረሳል። መርካቶ ምናለሽ ተራም ከተፈቱ አልጋዎች የወጣ ሪሞት ሊገኝ ይችላል፤ ቁጥሩ ልክ ከሆነና ገመዱ ካልተነከሰ አሮጌ መሆኑ አያስፈራም። የፒያሳ ጠጋኞችን የምታውቁ ደግሞ በ2016ቱ የኮሪደር ልማት ብዙዎቹ ቦታ ስለቀየሩ ደውላችሁ ሂዱ።

የእኛን ያገኘነው ከውጭ ነው። አራቱን ፎቶዎች ዋሽንግተን ላለችው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ላክሁላት፤ ቁጥሩን አስገብታ አዘዘች፤ የሚመጣ ሰው ሻንጣው ጥግ ላይ ይዞልን መጣ። የላክሁላት ፎቶ ጥርት ያለ ባይሆን ኖሮ ሁለተኛም እንሳሳት ነበር።

ማስጠገንስ? ገመዱ የተበጠሰው ሪሞቱ አንገት አጠገብ ከሆነ ጥሩ ባለሙያ የተጎዳውን ጫፍ ቆርጦ፣ ሪሞቱን ከፍቶ በስታኞ መልሶ ሊበይደው ይችላል። አዲሱ እስኪመጣ ያቆያል። መሃሉን ቆርጦ በናስትሮ ጠቅልሎ መቀጠል ግን በፍጹም አይሁን፤ ቮልቱ ትንሽ ስለሆነ አይገድልም ይላሉ፣ ሽቦዎቹ ሲነካኩ ግን ሞተሩ ሰው እንደተኛበት በራሱ ይነሣል። ባለሙያ ስትፈልጉ የቲቪ ጠጋኝ ሳይሆን የሕክምና መሣሪያ ጥገና የተማረ ሰው ጠይቁ፤ ተግባረ ዕድ በዚህ ሙያ ያሠለጥናል፣ የሆስፒታል የባዮሜዲካል ክፍሎችም ሰው ያውቃሉ።

መቀየሩ

ካቻቢቴ (ጠፍጣፋውን)፣ ደረቅ የጥርስ ብሩሽ፣ የእጅ ባትሪና ስልካችሁን አዘጋጁ። ሕመምተኛውን ወደ ሌላ አልጋ ወይም ወደ ወንበር አዛውሩት፤ እኛ አራት ሆነን በአንሶላ ነው የምናነሣት። የአልጋውን ጎማዎች ፍሬን ያዙ።

1. ስፒናውን ከግድግዳው ንቀሉ። መጠባበቂያ ባትሪ ያለው አልጋ ከሆነ የባትሪውንም ገመድ። ከዚያ አንድ በተን ተጭናችሁ ምንም አለመንቀሳቀሱን እዩ፣ ሁለት ደቂቃም ጠብቁ።

2. ከሪሞቱ ተነሥታችሁ ገመዱን በእጃችሁ እየተከተላችሁ ሳጥኑ ጋ ድረሱ። ሳጥኑ ላይ የተሰኩት ብዙ ናቸው፣ የሞተሮቹም አብረው አሉ፤ የሪሞቱ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ የእጅ ሥዕል ወይም ኤች ኤስ የሚሉ ፊደላት አሉት። ምንም ሳትነቅሉ ፎቶ አንሡ። አልጋው ከፍ ብሎ ከቆመ ጭንቅላታችሁንና ደረታችሁን ከሥሩ አታስገቡ፤ ከጎን ሆናችሁ እጃችሁን ብቻ አስገቡ።

3. መሰኪያዎቹ እንዳይወጡ አብዛኛውን ጊዜ ማበጠሪያ የመሰለ ፕላስቲክ ከላይ ይይዛቸዋል። በካቻቢቴው ጫፍ ከአንድ ጎን ቀስ አድርጋችሁ አንሡት። ፕላስቲኩ ይሰበራል፣ ከተሰበረ ደግሞ ለብቻው አይሸጥም ብላችሁ አስቡና ታገሡ።

4. መሰኪያውን አንገቱን ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፤ ገመዱን አትሳቡ። መሰኪያው ላይ ያለችው ቀጭን የላስቲክ ቀለበት ውኃ የምትከለክል ናት፤ አሮጌው ላይ ካለች አዲሱም ላይ መኖሯን እዩ።

5. ቀዳዳውን በባትሪ እዩት። አቧራውን በደረቁ ብሩሽ ጥረጉ። አረንጓዴ ዝገት ከታየ ውኃ ወደ ሳጥኑም ገብቷል ማለት ነው፤ እዚህ ላይ ቆማችሁ ባለሙያ ጥሩ።

6. የአዲሱን ጎድጓዳ ከቀዳዳው ጉብታ ጋር አስተካክላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ግፉት። ካልገባ አሽከርክራችሁ አትግፉ፤ ፒን ይጣመማል። አውጡና እንደገና አስተካክሉ። ከገባ በኋላ ማበጠሪያውን መልሱ።

7. ገመዱን በአሮጌው መንገድ አሳልፉ። የእኛን የገደለው ይህ ነውና ጊዜ ውሰዱበት። የጎን ብረቱን ሙሉ በሙሉ አንሡ፣ አውርዱ፤ ገመዱ የትም ቦታ እንዳይነከስ እዩ። ጀርባው ሙሉ ሲነሣ እንዳይወጠር ትርፍ ተዉለት፣ መሬት ላይ ግን አይጎተት።

አሁን ኃይሉን ስጡ፤ አልጋው ግን ገና ባዶ ነው። እያንዳንዱን በተን አንድ በአንድ፣ በመጀመሪያ ለአንድ ሰከንድ ብቻ ተጫኑ። በተኑ ላይ የተሣለው ክፍል ነው የተንቀሳቀሰው? ጣታችሁን ስታነሡ ወዲያው ቆመ? ሁለቱም "አዎ" ከሆነ እስከ ጫፍ አንሡ፣ እስከ ጫፍ አውርዱ። ከፍታው በሁለት ሞተር የሚነሣ አልጋ አንዳንዴ ከተነቀለ በኋላ አንዱ ጎን ይቀድማል፤ የመውረጃውን በተን አልጋው መሬት ጫፍ ደርሶ እስኪያቆም ድረስ ይዛችሁ ቆዩ፣ ያኔ ይስተካከላል። ከዚያ ጤነኛ ሰው ይተኛበትና ሁሉም ይደገም። ሕመምተኛው የሚመለሰው ከዚህ በኋላ ነው።

እንዲቆይ

መብራት ሲጠፋ የአልጋውን ስፒና ንቀሉ፤ ከተመለሰም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ስኩት። ሲመለስ ከፍ ብሎ የሚመጣው ኃይል ሳጥኑን ይመታዋል። የአሜሪካ አልጋ ከሆነ ስፒናው ላይ "120 ቮልት፣ በቀጥታ አይሰካ" ብላችሁ ለጥፉ፤ የሚሰካው ሁልጊዜ እናንተ አይደላችሁም። ትራንስፎርመር ስትገዙም አልጋው ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር አባዙ። 120 ቮልት፣ 3 አምፔር ካለ 360 ይመጣል፤ እዚያው ልክ ላይ አትግዙ፣ 500 እና ከዚያ በላይ ያለውን ውሰዱ።

ሪሞቱን በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። በረኪና አታፍስሱበት፣ የሚረጭ ነገርም በቀጥታ አትርጩበት። ጥፍር በበተኖቹ ላይ ያለውን ስስ ላስቲክ ይበሳዋል፤ የሕመምተኛውን ጥፍር በየሳምንቱ ስንቆርጥ ይህንንም እያሰብን ነው።

አሮጌውን አትጣሉት። ቁጥሩ ያለበት ምልክት ሙሉ ከሆነ ለሚቀጥለው ጊዜ ናሙና ይሆናል፤ እኛ ከእጀታው ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ አልጋው ራስጌ ሰቅለነዋል።

በአዲሱ ላይ ያሉት ሥዕሎች ከአሮጌው ያነሱ ስለሆኑ እናቴ መለየት አቃታት። የጀርባ ማንሻው በተን ላይ ከቀይ ናስትሮ የጥፍር ያህል ቆርጬ ለጠፍኩበት፤ በጨለማም በአውራ ጣቷ ዳስሳ ታገኘዋለች።